የብድሬው ራውተር ሰዓት

ሠርከአዲስ ሮቤ ውስጥ የአንድ እህል ነጋዴ ድርጅት የኔትወርክ ባለሙያ ናት። ከጎባ እስከ ብድሬ በየቅርንጫፉ ኢንተርኔት የሚያከፋፍሉት ራውተሮች በጠፉና በተነሡ ቁጥር እሷ ቢሮ ላለው ሰርቨር መልእክት እንዲልኩ ያደረገች ቀን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ልቧ አበጠ። ከእንግዲህ ማን ያታልላታል?

የብድሬው ራውተር በየቀኑ 3:00 ላይ ይጠፋል። ኮምፒዩተር የሚቆጥረው እንደ ፈረንጅ ስለሆነ፣ በእኛ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት መሆኑ ነው። በዚያ ሰዓት ከዘበኛው ከኦቦ ጀሊል በቀር ቢሮው ውስጥ ማን አለ? ሽማግሌው ሮቤ ድረስ ተጠሩ።

"ወላሂ አልነካኋትም! ሌሊቱን ሙሉ አረንጓዴ መብራቷን አያታለሁ" አሉ።

"ኦቦ ጀሊል፣ ማሽን አይዋሽም" አለቻቸው፣ አለቃዋ ፊት። "ምናልባት እንቅልፍ ጥሎዎት፣ ሌላ ሰው ገብቶ ነቅሎት ይሆናል።"

ሽማግሌው አቀረቀሩ። በሳምንቱ ከሥራ ተሰናበቱ።

መልእክቱ ግን አላቆመም። ሠርከአዲስ ግራ ቢገባት ብድሬ ወርዳ አደረች። ጠዋት ቢሮ ስትገባ ጸሐፊዋ ኢብቲሳም ለእንግዳዋ ሻይ ልታፈላ የራውተሩን ገመድ ነቅላ የውሃ ማፍያዋን ሰካች።

"ኔትወርኩስ?"

"ኧረ ተዪኝ፣ እዚህ ጠዋት ጠዋት ኔትወርክ መቼ ኖሮ ያውቃል!" ብላ ሳቀች።

ሠርከአዲስ የእጅ ሰዓቷን አየች። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት። ይህን ራውተር የተከለች ዕለት ሰዓቱን የሞላችው ከዚሁ ከእጇ ሰዓት እያየች ነበር፤ በሐበሻ አቆጣጠር። ማሽኑስ አልዋሸም፣ የነገረችውን ነው መልሶ የነገራት።

ኦቦ ጀሊልን ከብት ገበያ ውስጥ በሬ ሲያሻሽጡ አገኘቻቸው። ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ሥራቸው እንደሚመለስላቸውም፣ ይቅር እንዲሏትም። ቢሰድቧት በወደደች። እሳቸው ግን በዱላቸው መሬቱን ወጋ ወጋ አደረጉ።

"እኔ እኮ አመንኩሽ፣ ኢንተለ ኮ፣ ልጄ" አሉ። "ማሽን አይዋሽም ስትይ፣ ለካ ተኝቼ ኖሯል አልኩ። በአላህ ስም በሐሰት ማልኩ ብዬ ጾምኩበት። ለልጆቼም አባታችሁ ዋሽቷል ብዬ ነገርኳቸው።"

ሠርከአዲስ ስለ ሥራው ደግማ ልትነግራቸው ጀመረች።

"ሥራውን ተዪው" አሉ። "ቤት ድረስ ነይና ለልጆቼ ንገሪልኝ። ከእኔማ አሁን አያምኑም።"