ነፋስ የማያነሳው ሸራ

ስፌት እችላለሁ ብዬ አጉል መኩራራቴ ነው ነገሩን ሁሉ ያመጣው። ከመጀመሪያው ልናገርና ይውጣልኝ።

በእኛ በምዕራብ ኩዊንስላንድ፣ ጎረቤት የምንለው ሰው ዘጠና ኪሎ ሜትር ርቆ ነው ያለው። ስለዚህ ከከብቶቻችን በረት ማዶ ትንሽ አውሮፕላን የምታርፍበት የአፈር ሜዳ አለን፤ በሜዳው ዳር ደግሞ ምሰሶ ላይ የነፋስ ከረጢት ይሰቀላል። አብራሪው ከላይ ሆኖ የሚያየው እሱን ነው፤ ተነፍቶ ከተዘረጋ ነፋስ አለ፣ ከተንጠለጠለ የለም። ነፋስ ካለ ፊቱን ወደ ነፋሱ አዙሮ ማረፍ አለበት፤ ከኋላ ከገፋው አውሮፕላኗ ቶሎ አትቆምም። የድሮውን ፀሐይና በቀቀን ቦጫጭቀው ሲጨርሱት፣ ከከባድ መኪናው ሸራ የተረፈ ቁራጭ አንስቼ አዲስ ሰፋሁ። ድርብ ስፌት፣ ደማቅ ብርቱካንማ፣ ዕድሜ ልክ የማይቀደድ።

ባሌ ኔቪል በእጁ መዘን አደረገና ሳቀ።

"ዴስሊ፣ ይሄ እኮ ድንኳን ነው። ነፋስ ያነሳዋል?"

"አንተ ካልሲህን እንኳ ሰፍተህ አታውቅም። ዝም ብለህ ስቀል!"

ምን ያድርግ፣ ሰቀለው።

ክላሪ የተባለው ጎረቤታችን ሰባ ስድስት ዓመቱ ነው። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ በየሐሙሱ በትንሿ አውሮፕላኑ እየመጣ ከእኛ ጋር ምሳ ይበላል፣ ካርታ ይጫወታል፣ ሲመቸውም ያጭበረብራል። ከተማ የሚኖረው ልጁ ግራንት "አባዬ አርጅቷል፣ እርሻውን ሸጦ ይግባልኝ" ማለት ከጀመረ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ክላሪ ግን ሚስቱን የቀበረበትን መሬት ለቆ የትም እንደማይሄድ ደጋግሞ ነግሮናል፤ መብረር እስከቻለ ድረስ ደግሞ ማንም ሊያስለቅቀው አይችልም ነበር።

የዚያን ሐሙስ ከቤቱ ጀርባ አንሶላ እያሰጣሁ ነበር። አውሮፕላኗ አንዴ ዞረችንና በቤቱ በኩል ወረደች። የሜዳው መሃል እስክትደርስ መሬት አልነካችም፤ ከነካች በኋላም መቆም አቃታት። ያስነሳችው አቧራ ራሱ ቀድሟት ሄደ። አጥሩን በጥሳ ቦዩ ውስጥ በአፍንጫዋ ተተከለች።

ያየሁት እየሮጥኩ ሳለ ነው። ነፋሱ ጀርባዬን ይገፋኛል፤ ከኋላዬ አንሶላዎቹ ገመዱ ላይ ሲራገቡ ይሰማኛል። የእኔ ሸራ ግን እንደ እርጥብ ፎጣ ምሰሶው ላይ ተንጠልጥሏል። ክላሪ ነፋሱን ከጀርባው ይዞ የወረደው እሱን አምኖ ነው።

ክላሪ ግንባሩ ደምቶ፣ የተሰበረ እጁን ታቅፎ ወጣ።

"ነፋስ የለም ብዬ እኮ ነው" አለኝ። "ዴስሊ፣ ነፋስ አልነበረም፣ አይደል?"

"ተቀመጥ፣ ደምህን ልጥረግልህ" አልኩት።

መልሴ ይኸው ነበር። ዛሬም ሳስበው ፊቴን የት ላድርገው እላለሁ።

ግራንት ሐኪም ቤት ሊወስደው መጣና እኛው ፊት "ነፋስ መኖር አለመኖሩን መለየት የተሳነው ሰው ምን አብራሪ ይባላል?" አለው። ኔቪል እኔን አየኝ፣ እኔ መሬቱን አየሁ። ክላሪ አንድ ቃል አልተከራከረም፤ በካርታ እንኳ ተሸነፍኩ የማይለው ሰውዬ! እንደሄዱ ሸራውን አውርጄ የስፌት መኪናዬ ሥር ሸጎጥኩት።

"ትነግሪዋለሽ?" አለኝ ኔቪል።

"እነግረዋለሁ አልኩህ!"

ሦስት ሳምንት ሙሉ ስልኩን አነሳለሁ፣ መልሼ እዘጋለሁ። በመጨረሻ አንድ ሰኞ ቆርጬ ተነሳሁ። ባዶ እጄን እንዴት እገባለሁ ብዬ ግን የፍራፍሬ ኬክ ልጋግር ቀረሁ፤ ያ ኬክ ደግሞ ካልሰነበተ አይጥምም። የሄድኩት ሐሙስ ነው።

ክላሪን እቤቱ፣ አንድ እጁ በጀሶ እንደታሰረ፣ ሳህን በጋዜጣ ሲጠቀልል አገኘሁት።

"ሐኪሙ ዓይንህ የጎረምሳ ነው አለኝ" አለ ቀና ሳይል። "እንግዲህ ጭንቅላቴ ነው ማለት ነው። አሁንማ መኪና መንዳትም ፈርቻለሁ። ምድጃውን ማጥፋቴን ሦስት ጊዜ ተመልሼ አያለሁ።"

ኬኩንና ሸራውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

"ጭንቅላትህ አይደለም፣ እኔ ነኝ። ሸራው ከባድ ነው። ኔቪል ነግሮኝ ነበር፣ አልሰማሁትም። ያን ቀን ነፋስ ነበር፣ ክላሪ። ጠይቀኸኝ ዝም አልኩህ።"

በደህና እጁ አንስቶ መዘነው። ይዞት ወደ በረንዳው ወጣ፤ ተከተልኩት።

"ያዢው እስቲ፣ ከፍ አድርጊው።"

ከራሴ በላይ አነሳሁት። የራሱ ሸሚዞች ገመዱ ላይ ይውለበለባሉ፤ የእኔ ሸራ ንቅንቅ አላለም። ክላሪ ሸሚዞቹን አየ፣ ሸራውን አየ፣ ደግሞ ሸሚዞቹን አየ።

"ያየሁት ልክ ነበር" አለ ቀስ ብሎ። "ልክ ነበርኩ እኮ! አልጃጀሁም!"

እየሳቀ እንባው ወረደ። እኔም ይቅር አለኝ ብዬ እፎይ ልል ስል፣ ዞር ብሎ በበሩ በኩል የተጠቀለሉትን ሳህኖች አየ።

"ማክሰኞ ፈረምኩ፣ ዴስሊ። ግራንት ገዢውን ይዞት መጣ። የኔ ዓይነት ሰው ብቻውን መኖር የለበትም አለኝ፣ እኔም አመንኩት።"

"ሰኞ ልመጣ ነበር" አልኩት።

"ታዲያ ምን ያዘሽ?"

ሸራውን ከፍ አድርጌ እንደያዝኩ ነኝ፤ እጄ ዝሏል። ዳግመኛ ዝም ልለው አልፈለግኩም።

"ኬክ እየጋገርኩ ነበር" አልኩት።