ማር የገባበት አረቄ

«አፍስሰው እንጂ! ምን ያስተክዝሃል?» አሉ ግራዝማች ወልደ ሰንበት።

ፍቅረ ሥላሴ የአረቄ ገንቦ አቅፎ መኪናዋ አፍንጫ ላይ ቆሟል። ያቺን መኪና እኮ አርበኞቹ ከጣልያን ማርከው ነው ጮቄ ተራራ ሥር የደበቋት። ሹፌሩ ፍቅረ ሥላሴም የጣልያን ሹፌር ነበር፤ ከድቶ የገባው በቅርቡ ነው። እናም ሰው ሁሉ እጅ እጁን ነው የሚያየው። ገባችሁ?

ራዲያተሯን ጥይት በስቶት ግማሹ ፈሷል። ፍቅረ ሥላሴ ቀዳዳውን በጨርቅና በሳሙና ደፈነው። የቀረው ጣልያኖቹ ያደረጉበት ውሃ በብርድ እንዳይረጋ የሚያደርግ ፈሳሽ ነው፤ ዛሬ አንቲፍሪዝ የምንለው። የጎደለውን በውሃ ቢሞላው የጮቄ ብርድ በረዶ አድርጎት ሞተሩን ሊሰነጥቀው ነው። ጠላት ድንገት ቢደርስ ወዲያው መነሳት ስላለባት ደግሞ አንጠፍጥፎ ማሳደርም አይቻልም። ስለዚህ «ጠንከር ያለ አረቄ ፈልጉልኝ፤ አረቄ ብርድ አይበግረውም» አለ።

አረቄውን ያመጡት እትዬ ወለተ ኢየሱስ ናቸው። ባዘዘው የሚባለው ልጃቸው ጭኑን በጥይት ተመትቶ መኪናዋ ላይ ተኝቷል። ቁስሉ ማመርቀዝ ጀምሯል፤ መርጡለ ማርያም ጥይት አውጪው ዘንድ ቶሎ ካልደረሰ እግሩ መቆረጡ ነው።

እትዬ እንደ ወጉ መጀመሪያ ራሳቸው ቀመሱና ለፍቅረ ሥላሴ ሰጡት። ቀመሰ። ይጣፍጣል!

«እትዬ፣ ምን አድርገውበታል?»

«ማር ነዋ! ልጄን ለምትሸከም ባዶ አረቄ ልስጣት? ከነሰፈፉ ነው የበጠበጥኩት፤ ለሙሽራም እንዲህ አላደረግሁ!»

ይኸውላችሁ፣ መኪና ያስተማረው ሰው «ሁለት ዓይነት ፈሳሽ እንዳትደባልቅ» ብሎታል። አረቄውን ራሱ ቸግሮት ነበር ያሰበው፤ ማር ሲጨመርበት ግን ሞተሩ ሲግል አረፋ እንደሚያወጣና ቧንቧውን እንደሚደፍነው አውቋል። ልክ አፉን ሊከፍት ሲል አንዱ ከኋላ፣ «የባንዳ ጉሮሮ የኛን አረቄ ናቀ መሰለኝ!» አለ። ሳቁ።

«የእናት እጅ አይመለስም፣ ልጄ» አሉ ግራዝማች።

ይሉኝታ ያዘው። አፈሰሰው። እስከ ጠብታው!

በጨለማ መብራት እንዳያጋልጣቸው ንጋትን ጠብቀው ተነሱ። ቁልቁለቱን ደህና ወረዱ። ዳገቱን እንደጀመሩ ግን ጉድ ፈላ! የራዲያተሯ ክዳን ተፈናጥሮ ቡናማ አረፋ ቡልቅ ቡልቅ አለ፤ አገሩ ሁሉ ጠጅ ጠጅ ሸተተ።

«ሰከረች! ደግፏት!» አለ ያ ተሳዳቢ። የሳቀለት የለም፤ ባዘዘው ጥርሱን ነክሶ እያቃሰተ ነበር።

ፍቅረ ሥላሴ ውሃ ቢጨምር አልወርድ አለ። ቧንቧውን ቢፈታው እንደ ሙጫ የተጣበቀ ነገር ሞልቶታል። ከዚያ ሞተሩ ጭራሽ ቀጥ አለ። ባዘዘውን በቃሬዛ ተሸከሙት። ፍቅረ ሥላሴም ከፊት ተሸክሟል። ደግሞ ሰዎቹ ትከሻውን መታ መታ እያደረጉ «አይዞህ፣ ጣልያን ተንኮል ሠርቶባት ነው» ሲሉት፣ ኧረ ያኔስ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ!

ደረሱ፤ ግን መሽቶባቸው፣ የቁስሉም መርዝ ወደ ላይ ወጥቶ። እግሩ ተቆረጠ።

እትዬ ወለተ ኢየሱስ በእግራቸው ተከትለው ሲደርሱ ልጃቸው አንቀላፍቷል። አቀፉት፣ አለቀሱ፤ ከዚያ ደጅ ወጥተው ፍቅረ ሥላሴ አጠገብ ቁጭ አሉ። እሱ ቀና ብሎ ማየት አቅቶት በጣቱ መሬት ይጭራል።

«ነፍሱን አተረፍክልኝ፣ የኔ ልጅ» አሉት።

«እኔ እኮ... እትዬ...»

«ዝም በል፣ አንተ ምን አጠፋህ? እኔው ነኝ፤ ማሩን ሰስቼ ነው መሰለኝ መኪናዋ አቅም ያነሳት። ግራዝማች ሌላ መኪና ሊማርኩ ነው አሉ፣ የቆሰሉትን የምታወርድ። ለሷስ አልሰስትም፤ ቀፎውን እንዳለ ነው የምገለብጥላት!»

በሩ ላይ የተቀመጡት ሰዎች «እሰይ፣ እናት ዓለም!» አሉ።

እንግዲህ ፍቅረ ሥላሴ ቢናገር፣ የልጃቸውን እግር ያስቆረጠው የገዛ እጃቸው ማር መሆኑን ሊነግራቸው ነው፤ እያወቀ ማፍሰሱንም በዚያ ሁሉ ሰው ፊት። ዝም ቢል ደግሞ የምትመጣዋም መኪና ቁስለኛ እንደጫነች ዳገት ላይ ልትቀር ነው። እትዬ እጁን ይዘው መልሱን ይጠብቃሉ። እናንተ ብትሆኑ ምን ትሏቸው ነበር?