በጨለማ የተሰጠ ሁለት

እርስዎ ተቃጥለው ያውቃሉ? ማንቆርቆሪያ ጣትዎን ለብልቦዎት ከሆነ አይቆጠርም። ጥያቄው ሥጋ ላይ የተጣበቀ ፋሻ ሲላቀቅ ምን እንደሚመስል ያውቃሉ ወይ ነው። ካላወቁ፣ «ለሕመምህ ከዜሮ እስከ አሥር ቁጥር ስጠው» ማለት ቀላል ይመስልዎታል። ለተመራማሪው ዶክተርም ቀላል ይመስለው ነበር።

የቃጠሎ ክፍሏ ነርስ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ፋሻ ስትፈታ ኖራለች። ሕመምተኞች ፊት ለፊት «ሲስተርዬ»፣ ከኋላዋ «ቀስ በቀስ» ይሏታል፤ ለአንድ ክንድ አርባ ደቂቃ ትፈጃለችና። ፋሻውን ለብ ባለ ውሃ ታርሰዋለች፣ ትጠብቃለች፣ ከዚያ ጫፉን በወረንጦ ይዛ «አሁን አውራ ጣትዎ ጋ ደርሻለሁ፤ ሦስት ስል አነሳዋለሁ» ትላለች። አለቆቿ ይህን ወሬ ማብዛት ይሉታል።

ዶክተሩ ምናባዊ ዓለም የሚያሳየውን የቪአር መነጽር ሕመም ይቀንስ እንደሆነ ሊያጠና ይዞ የመጣው በዚህ መሀል ነው። መነጽሩን ያጠለቀ ሰው ራሱን በረዶ በሞላው ሸለቆ ውስጥ ያገኘዋል፤ አንገቱን ባዞረበት ሸለቆው አብሮት ይዞራል፣ በእጁ በያዘው መቆጣጠሪያም የበረዶ ኳስ ይወረውራል። ልብ ሌላ ሥራ ሲያገኝ ሕመሙ የሚያዳምጠው ያጣል ነው ነገሩ። ነርሷ መነጽሩን አልጠላችውም። አንዲት የወጥ ቤት ሠራተኛ እግሯ እየታጠበ ስትስቅ በዓይኗ አይታለች። ያንገበገባት ሌላ ነው፤ ጥናቱ ካማረ አስተዳደሩ ለእያንዳንዱ ሕመምተኛ የሚሰጠውን ጊዜ ወደ አሥራ አምስት ደቂቃ ሊያወርደው ቆርጧል። በአሥራ አምስት ደቂቃ ደግሞ ፋሻ አይፈታም፤ ይነጨቃል።

አንድ ጠዋት አንድ አዛውንት በያጅ የተቃጠለ ግራ ክንዳቸውን ይዘው መጡ። ዶክተሩ መነጽሩን አጠለቀላቸው፣ ነርሷ እንደ ልማዷ እያራሰችና እያወራች ፈታች። በያጁ ፀጥ አሉ። መቆጣጠሪያውን አንዴም አልነኩት። ሲያበቃ ዶክተሩ ቁጥር ጠየቃቸው፤ ሁለት ሰጡ። ደስ ብሎት በረዶው እንዴት እንደነበር ሲጠይቃቸው ግን የቱ በረዶ አሉት።

መነጽሩ ሲታይ ባትሪው ከመጀመሪያው ሞቶ ነበር። ለካ ዶክተሩ ሌሊቱን የመነጽሩን ቻርጀር ነቅሎ ስልኩን ሰክቶበት ኖሯል።

«ታዲያ ጋሼ፣ ጨለማ ሲሆንብዎ ምነው ዝም አሉ?» አለ ዶክተሩ።

«የኔ ልጅ፣ አርባ ዓመት የብየዳ ጭንብል አጥልቄ ነው የኖርኩት። እሳቱ እስኪጫር ጨለማ ነው። ይሄም ቆይቶ ይበራል ብዬ ጠበቅኩ። ደግሞ እሷ የት እንደደረሰች ትነግረኝ የለ? ምን አስደነገጠኝ?»

ዶክተሩ እስኪያነባ ሳቀ። ከዚያ ቅጹ ላይ «የመሣሪያ ብልሽት» ብሎ ጻፈና ሁለቷን ሰረዛት። ነርሷ እንዲተዋት ጠየቀችው፤ ጥናቱ ስለ መነጽር እንጂ ስለ ጨለማ እንዳልሆነ ለሕፃን እንደሚያስረዳ አስረዳት። እሷም ለማነጻጸሪያ ተብለው መነጽር ያላጠለቁትን ሕመምተኞች ማን እንደሚፈታቸው ጠየቀችው። የጎን ክፍል ነርሶች ናቸው፤ በአሥራ አምስት ደቂቃ፣ ያለ አንዲት ቃል። አስብበታለሁ አላት። የሚያስብ ሰው ግን ሳምንት ሙሉ ኮሪደር ላይ ሲያያት መንገድ አይቀይርም።

ውጤቱ የሚቀርብበት ቀን አዳራሹ ጢም አለ። የሆስፒታሉ ዳይሬክተር ከፊት፣ ነርሷና አብረዋት የመጡት በያጅ ከኋላ ተቀመጡ። ግድግዳው ላይ «መነጽሩ ሕመምን በግማሽ ቀነሰ» የሚል ጽሑፍ ሲበራ ጭብጨባው ቀለጠ። ነርሷ ልትነሳ ብላ መልሳ ተቀመጠች። በያጁ በደህናው ክንዳቸው ጎሰም አደረጓት።

«ተነሺ እንጂ ልጄ። ሦስት ልበልልሽ?»

ሳቋ ሳያልቅ ተነሳች።

«ዶክተር፣ ጭብጨባው ትንሽ ይቆይ። መነጽሩ ጥሩ ነው፤ አይቼዋለሁ። ግን ያጠለቁትን ሁሉ በአርባ ደቂቃ የፈታሁት እኔ ነኝ። ያላጠለቁት ጎን ክፍል ተነጭቀዋል። ታዲያ ሕመሙን በግማሽ የቀነሰው የቱ ነው? የጋሼስ ሁለት የት ገባች? ኋላ ቢሮ ነይ እንዳይሉኝ። እዚሁ፣ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ይመልሱ።»