ከአምስት እስከ ስምንት በነፃ

ክላይቭ ሃርግሬቭ ግትር ሰው ነው። ይህን የሚክድ የለም፤ እሱ ራሱም አይክድም፤ እንደውም ይኮራበታል።

የሚኖረው ትዊድ ሄድስ ውስጥ ነው። ከደጃፉ ያለው መንገድ የሁለት ክፍለ ግዛቶች ድንበር ነው፤ ከመንገዱ ወዲህ ኒው ሳውዝ ዌልስ፣ ከመንገዱ ወዲያ ኩዊንስላንድ። በየዓመቱ መስከረም መጨረሻ ላይ፣ ሙቀቱ ሲጀማምር፣ ወዲህ ያሉት የበጋውን ብርሃን ለማትረፍ ሰዓታቸውን አንድ ሰዓት ወደፊት ይገፉታል። ወዲያ ያሉት ግን ንክች አያደርጉትም። ስለዚህ እስከ መጋቢት መጨረሻ ድረስ ስኳር ሊበደር ወዲያ የተሻገረ ሰው ከወጣበት ሰዓት በፊት ይደርሳል።

ክላይቭ የተወለደው ወዲያ ነው። ቬርናን አግብቶ ወዲህ ከገባ አርባ አንድ ዓመት ሆኖታል፤ የወጥ ቤቱን የግድግዳ ሰዓት ግን አንድም ቀን ገፍቶት አያውቅም። ክለቡ ወዲያ ነው፣ ሐኪሙ ወዲያ ነው፣ ወዳጆቹም ወዲያ ናቸው። "ላሞቹ ያልተቀበሉትን ሰዓት እኔ አልቀበልም" ይላል፤ ላም ኖሮት አያውቅም። ቬርና ወዲህ ባለው ቤተ መጻሕፍት በሳምንት ሁለት ቀን ጠዋት ጠዋት ስለምትሠራ፣ የእጅ ሰዓቷን እንደ ሀገሩ ትሞላለች። ስለ ግድግዳው ሰዓት በተጋቡ ዓመት አንድ ጊዜ ተናግራ ነበር። ጆሮ ዳባ ልበስ አላት፤ ተወችው።

በዚህ ሁኔታ አርባ አንድ ዓመት በሰላም ኖረዋል። ሰላሙን ያደፈረሰው የመብራት ቢል ነው።

"ይኼ የምንከፍለው ነው ወይስ የስልክ ቁጥራቸው?" አለች ቬርና፣ ወረቀቱን ከቁርሱ ዳቦ አጠገብ እያኖረች።

ክላይቭ መነጽሩን አደረገ፣ አየ፣ መነጽሩን አወለቀ። "ሁሉም ሰው ላይ ጨምሯል።"

"ሁሉም ሰው የየራሱን ያድርግ። ያ ወዳጅህ ኬል ጣሪያው ላይ የፀሐይ ሰሌዳ ሰቅሏል። እኛ ጣሪያ ላይ ያለው የዛፍ ጥላ ነው።"

እውነቷን ነው። ከቤቱ ጀርባ ያለው የሾላ ዛፍ ጣሪያውን ጠዋትም ማታም ያለብሰዋል፤ መቁረጥ ደግሞ በከተማው ምክር ቤት ያስቀጣል።

"እሺ፣ ምን ይደረግ ነው የምትይው?"

"ጋራዥ ያለው ፍሪጅ ይውጣ።"

ክላይቭ ዳቦውን አስቀመጠ። ያ ፍሪጅ በተጋቡ ዓመት የተገዛ፣ ያኔም አሮጌ የነበረ ነው። ሞተሩ ሲነሳ መደርደሪያው ላይ ያሉት ብሎኖች ይንቀጠቀጣሉ። ውስጡ ቢራ እንጂ ሌላ ነገር ገብቶበት አያውቅም። በየሳምንቱ አርብ፣ በግድግዳው ሰዓት ልክ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ፣ ወዳጆቹ ኑንዚዮና ኬል መንገዱን ተሻግረው ይመጣሉ፤ ሦስቱ ሽማግሌዎች በሦስት ተጣጣፊ ወንበሮች ላይ ተቀምጠው እስኪመሽ ድረስ ሲሳሳቁ ይቆያሉ። ክላይቭ አውቶቡስ መንዳቱን በጡረታ ከተወ ወዲህ ከሳምንቱ ውስጥ የእኔ የሚለው ቀን አርብ ብቻ ነው። ፍሪጁ ከሄደ ቢራው ይሄዳል፤ ቢራው ከሄደ እነዚያ ሁለቱ ለሞቀ ውሃ መንገድ አይሻገሩም። ይህን ሲያስብ የምር ፈራ።

"እስከሚቀጥለው ቢል ጊዜ ስጪኝ" አለ። "የመብራት ኩባንያው አዲስ ውል አለው፤ በራዲዮ ሰምቻለሁ። በየቀኑ ከረፋዱ አምስት እስከ ቀኑ ስምንት ሰዓት መብራት በነፃ ነው። ሌላው ሰዓት ግን ይወደዳል። ሥራችንን ሁሉ ሦስቱ ሰዓት ውስጥ ከከተትነው ቢሉ ይወርዳል።"

"ካልወረደስ?"

"ፍሪጁን እኔው ራሴ ገፍቼ መንገድ ዳር አወጣዋለሁ።"

ቬርና እጇን ዘረጋች፤ ተጨባበጡ።

ኅዳር ሲገባ ውሉ ጀመረ፤ ቤቱም አበደ። ክላይቭ ድሮ የሕፃናት እግር ኳስ ሲዳኝ ይነፋት የነበረችውን ፊሽካ ከመሳቢያ አወጣ። የግድግዳው ሰዓት አምስት እስኪል ድረስ በቤቱ ውስጥ ሻይ የሚያፈላ የለም፤ አምፖል የሚያበራ የለም። ክላይቭ ኮሪደሩ መሃል ይቆማል፣ ሰከንድ ቆጣሪውን ያያል፣ ከዚያ ጉንጩን ነፍቶ ይነፋል።

ከዚያ ወዲያ ያለው አይነገርም። ልብስ ማጠቢያው ይሽከረከራል፣ የመዋኛ ገንዳው ፓምፕ ይጮሃል፣ የበግ ጭኑ ምድጃ ይገባል፣ ቬርና በአንድ እጇ ምንጣፍ መጥረጊያውን እየጎተተች በሌላው ፀጉሯን ታደርቃለች። ክላይቭ የሚበሳው ነገር ባይኖረውም መሰርሰሪያውን ቻርጅ ያደርጋል። ከሁሉም የከፋው የቤቱ አየር ማቀዝቀዣ ነበር። "ቅዝቃዜውን እናጠራቅመው" ብሎ የመጨረሻው ቁጥር ላይ ያደርገዋል፤ ውጭ ወፍ ከዛፍ የሚያወርድ ሙቀት እያለ፣ ባልና ሚስት የሱፍ ሹራብ ለብሰው፣ አፍንጫቸው ቀልቶ ልብስ ይተኩሳሉ።

ወሬው መንገዱን ተሻገረ። ኑንዚዮ ሚስቱ ከሞተችበት ጀምሮ ሸሚዝ ተኩሶ አያውቅም፤ የእሱ መብራት ኩባንያ ደግሞ ነፃ የሚባል ነገር አያውቅም። አንድ ቀን ሸሚዞቹን በእጅ ጋሪ ቆልሎ ከች አለ።

"ክላይቭ፣ ወንድሜ፣ ነፃ ነው አይደል? ነፃ ነገር ለብቻ አይበላም።"

"ሹራብህን ይዘሃል?"

"ለምን ሹራብ?"

"ግባና ታየዋለህ።"

በማግስቱ ሹራብ ለብሶ መጣ። ጥር አጋማሽ ላይ ደግሞ በዚያው ጋሪ አራት ሣጥን ቲማቲም ጭኖ መጣ፤ የዓመቱን ሱጎ በሁለት ትልልቅ የኤሌክትሪክ ድስት ሊቀቅል። ቲማቲሙን አጥቦ፣ ልጦ፣ ከትፎ ለድስት ማድረስ ጊዜ ይፈልጋል። ስለዚህ ሁለቱን ሰዓት ሲሯሯጡ ቆይተው፣ በመጨረሻዋ ሰዓት ሁሉንም ነገር ባንድ ላይ ይለኩሱታል፤ ምድጃው፣ ሁለቱ ድስቶች፣ ልብስ ማድረቂያው፣ ሁለት ካውያ። ቆጣሪው ሳጥኑ ውስጥ ይፈተለካል፤ ክላይቭ እያየው "ዙር! ዙር! በነፃ ነው!" ይለዋል። ስምንት ሰዓት ሲሆን ፊሽካው ይነፋል፤ ሁሉም ባለበት ቀጥ። ከሥራ ከወጣ ወዲህ እንደዚያ ሹራብ የተለበሰበት በጋ ተደስቶ አያውቅም።

በየካቲት ቢሉ መጣ።

ክላይቭ አንድ ጊዜ አነበበው። ገልብጦም አነበበው፤ ከጀርባው ምንም የለም። ከበፊቱ ሲሶ ያህል ጨምሯል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኸው ነው።

ቬርና አላሾፈችም። "ደውልላቸው" ብቻ አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

ስልኩን ያነሳችው የኩባንያው ልጅ ትሕትናዋ ልክ አልነበረውም። ክላይቭ ሌቦች ሲላት አመሰገነችው።

"ሂሳብዎ ፊቴ ነው፣ አቶ ሃርግሬቭ። ከአምስት እስከ ስድስት ባለው ነፃ ሰዓት ቤትዎ ውስጥ ሰው ያለ አይመስልም። ከስምንት እስከ ዘጠኝ ባለው ውድ ሰዓት ደግሞ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ቤትዎ ፋብሪካ ነገር ነው?"

"ስምንት ሲሆን ፊሽካ እነፋለሁ! ምስክር አለኝ!"

ልጅቷ በትሕትና ጠየቀች። "አሁን እርስዎ ዘንድ ስንት ሰዓት ነው?"

ክላይቭ ግድግዳውን አየ። "አራት ከሩብ።"

"እኔ ዘንድ አምስት ከሩብ ነው። ያሉት ኒው ሳውዝ ዌልስ አይደለም እንዴ?"

አርባ አንድ ዓመት ጆሮ ዳባ ልበስ ያለው ነገር፣ አንዲት በአካል የማያውቃት ልጅ በለሆሳስ ስትነግረው ገባው። ነፃው ሰዓት ወጥ ቤቱ ውስጥ እየፈሰሰ ነበር፤ አሁን፣ እሱ ስልክ ይዞ ቆሞ እያለ። ስልኩን ዘጋው። ወንበር ጎትቶ ላዩ ላይ ወጣ። የግድግዳውን ሰዓት መስታወት ከፍቶ ጣቱን ረጅሙ መርፌ ላይ አሳረፈና፣ ጥርሱን ነክሶ፣ አንድ ዙር ገፋው።

ሲዞር ቬርና በር ላይ ቆማለች።

"ወዲያ ላሉት እንዳትነግሪ" አላት።

"ውረድ፣ ወገብህን ትሰብራለህ።"

"ቃል ቃል ነው። ፍሪጁን ዛሬውኑ አወጣዋለሁ።"

እሷ አላየችውም፤ የግድግዳውን ሰዓት ነው የምታየው። "አርብ ይለፍ" አለችው።

አርብ ደረሰ። ክላይቭ ሦስቱን ወንበሮች ዘረጋ፣ ፍሪጁን በጨርቅ ወለወለው፣ ለመጨረሻ ጊዜ ነው ብሎ እንደ ሰው ትከሻውን መታ መታ አደረገው። ወጥ ቤት ገብቶ ሲያይ ሰዓቱ አሥር ሆኗል። ማንም የለም። አሥር ከሩብ፤ መንገዱ ላይ ውሻ እንኳ የለም። ፍሪጁ ሊሄድ መሆኑን ነግሯቸው ነበር። ሌላ ፍሪጅ አግኝተዋል ማለት ነው፣ አለ በልቡ። ሆድ ባሰው።

የጋራዡ በር ተከፈተና ቬርና ብርጭቆ ይዛ ገባች። የኑንዚዮ ወንበር ላይ ተቀመጠች።

"አይመጡም" አላት።

"ይመጣሉ። እነሱ ዘንድ ገና ዘጠኝ ከሩብ ነው።"

ክላይቭ ግንባሩን በመዳፉ ጠፈጠፈ። ቬርና ፍሪጁን ከፍታ ቢራ አወጣች፤ በአርባ አንድ ዓመት መጀመሪያዋ ነው። ለራሷ ቀድታ የተረፈውን ከነጣሳው ሰጠችው።

"ፊሽካህን ስትነፋ የእጅ ሰዓቴን አይ ነበር" አለችው።

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከመጀመሪያው ቀን።"

"አንቺ ሴትዮ! ሹራብ ለብሰሽ ስትንቀጠቀጪ፣ ታውቂ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

"ለምን ዝም አልሽ ታዲያ?"

"ፍሪጁ እንዲወጣልኝ።" ብርጭቆዋን አዟዟረች። "በየአርቡ ከዚህ ግድግዳ ጀርባ ወጥ ቤት ውስጥ ነኝ። ሳቃችሁ ይሰማኛል። እኔ ጋ ስትመጣ ራት ምንድነው ብቻ ነው የምትለኝ። ቀናሁ፣ ክላይቭ። በፍሪጅ ቀናሁ።"

ክላይቭ ተናደደም፣ አፈረም፣ አዘነላትም፤ ሦስቱም ባንድ ላይ። ቢራውን አንድ ጊዜ ተጎነጨ።

"ኑንዚዮ ሹራቡን ቲማቲም ድስት ውስጥ የጣለው ቀንስ?" አለ በመጨረሻ።

"ሱፍ ሱፍ የሚል ሱጎ! አንተ ደግሞ ጣፈጠኝ አልክ!"

"ምን ልበል? ነፃ መስሎኝ!"

ቬርና ሳቋ አፈናት፤ ቢራው በአፍንጫዋ ወጣ። እሱ እሷን አይቶ ሳቀ፣ እሷ እሱን አይታ ሳቀች፤ ሞተሩ ተነስቶ ብሎኖቹ ሲንቀጠቀጡ ደግሞ ጭራሽ ባሰባቸው። እንዲህ የሳቁት መቼ እንደነበር ክላይቭ ለማስታወስ ሞከረ፤ አላስታወሰም።

"ፍሪጁ ይቆይ" አለች ዓይኗን እየጠረገች። "ይቺ አንድ ሰዓት ግን የእኔ ናት።"

"መጋቢት ሲያልቅ ሰዓቱ እኩል ይሆናል እኮ።"

"ያኔ የእኔ ሰዓት ሲጀምር ፊሽካ ትነፋልኛለህ።"

ኑንዚዮና ኬል መንገዱን ተሻግረው ሲደርሱ ባልና ሚስት ገና እንባቸውን እየጠረጉ ነበር። ኑንዚዮ በሩ ላይ ቆሞ አንዴ ወንበሩን፣ አንዴ ቬርናን አየ።

"ቬርናዬ፣ ያ ወንበር የኔ ነው።"

ቬርና እጇን ዘርግታ የእጅ ሰዓቷን ተመለከተች።

"ሁለት ደቂቃ ይቀረኛል" አለችው። "እዚያው ቆመህ ጠብቅ።"