የዐርቡ ቅጂ

የልጃቸው የፋርሂያ ሰርግ ሲቀርብ አዴር ዐያንሌ ከሬዲዮ ጣቢያው የፈለጉት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የራሳቸውን ድምፅ። ጣቢያው ውስጥ ሁሉም «አዴር» ይላቸዋል፤ በሱማሊኛ «አጎቴ» እንደማለት ነው። ለዓመታት የከሰዓቱን ፕሮግራም በአማርኛ፣ በሱማሊኛና በኦሮምኛ እያፈራረቁ የመሩ ሰው ናቸው። ሰርግ ላለው ቤት ሁሉ የሚያወርዱት ምርቃት ነበራቸው፤ ድሬዳዋ ሥራዋን አቁማ ነበር የምትሰማው። በኋላ ጉሮሯቸው ታመመ፤ ቀዶ ሕክምናው ነፍሳቸውን አትርፎ ድምፃቸውን ወሰደው። አሁን ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል እንጂ የሚወጣ ነገር የለም። የስንቱን ልጅ መርቀው የራሳቸውን ልጅ በዝምታ መዳር ከበዳቸው። ስለዚህ ያ ምርቃት ከጣቢያው ማኅደር ወጥቶ ሰርጉ ላይ እንዲሰማ በፋርሂያ በኩል ለመኑ።

«ይሄማ ምን አላት» አለ ኒቆዲሞስ።

ኒቆዲሞስ የጣቢያው የኮምፒውተር ባለሙያ ነው፤ በአዴር ፕሮግራም ጊዜ ከስቱዲዮው መስታወት ጀርባ ድምፁን ይቆጣጠር የነበረውም እሱ ነው። «ኢንጂነሩ» ይሉታል፤ እሱም ሲጠራ ደረቱን ትንሽ ነፋ ያደርጋል። የጣቢያው ድምፅ ሁሉ የተቀመጠው ከዚራ ሰፈር ባለው ቢሮ፣ በአንድ የዲስክ ሳጥን ውስጥ ነው። የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ቢመጣ ወይም ሳጥኑ ቢበላሽ ሁሉም ነገር አብሮ እንዳይጠፋ፣ ከወንዙ ማዶ መጋላ ሰፈር በተከራዩት ክፍል የቴፕ መቅጃ ማሽን ተተክሏል። ሁለቱን የቢሮው ኮምፒውተሮችም የሚጠቀሙበት አንድ ገመድ ያገናኛቸዋል።

ቅጂው የሚካሄደው ዐርብ ነበር። ሰው ለጁምዓ ሲወጣ፣ ሌላውም ሙቀቱን ሸሽቶ ወደ ቤቱ ሲገባ ቢሮው ጭር ይላል፤ ገመዱም ለቴፑ ይለቀቃል። ድሮ ይህ ሥራ እስከ ማታ ይጎተት ነበር። ዋና አዘጋጁ አብዲራህማን ከመስጊድ ተመልሶ ኮምፒውተሩ ሲያንቀላፋበት «አቦ ኢንጂነር፣ ይሄ ቴፕህ ዛሬም አልጠገበም?» ይለዋል።

አምና አዲስ የዲስክ ሳጥን ተገዛ። ኒቆዲሞስ ድምፁን ሁሉ ወደ አዲሱ አዛውሮ አሮጌውን ባዶ አደረገው። በዚያው ሳምንት ዐርብ፣ ሰዉ ከጁምዓ ሳይመለስ ቅጂው አለቀ። ስክሪኑ ላይ «ያለ ስሕተት ተጠናቋል» የሚል አረንጓዴ ጽሑፍ ወጣ።

«ወላሂ ይበራል፤ ምን አድርገኸው ነው?» አለ አብዲራህማን።

ኒቆዲሞስ ምንም አላደረገም። ለምን እንደፈጠነም አያውቅም። ግን አላውቅም የሚል ኢንጂነር ማን አይቶ ያውቃል? «መስመሩን አስተካከልኩት» አለ። በሰኞው ስብሰባ አስነስተው አጨበጨቡለት፤ እሱም ጎንበስ ብሎ ጭብጨባውን ተቀበለ።

ፋርሂያ የአባቷን ልመና ይዛ ወደ ጣቢያው በመጣች ሰሞን መብራት ሄዶ ሲመለስ ኃይሉ በርትቶ መጣና አዲሱን ሳጥን አቃጠለው። ቢሮው ሲደነግጥ ኒቆዲሞስ ብቻ ረጋ ብሎ «ቴፕ አለን» አለ። ድልድዩን ተሻግሮ ያለፈውን ዐርብ ቴፕ ከፈተ። ባዶ ነው። ከዚያ በፊት ያለውን ከፈተ፤ እሱም ባዶ። መደርደሪያው ላይ ያሉትን ሁሉ አንድ በአንድ ሞከራቸው።

ያኔ ገባው። ለቅጂው ፕሮግራም ድምፁ ቤት እንደቀየረ አልነገረውም። ፕሮግራሙ በየዐርቡ የሚሄደው ወደ አሮጌው ሳጥን ነበር፤ ባዶ ቤት አግኝቶ ባዶውን ያለ አንዳች ስሕተት ገልብጦ ይመለሳል። ቴፖቹ ደግሞ በየተራ እየተደመሰሱ እንደገና የሚቀዳባቸው ናቸው፤ በአንድ ዓመት ውስጥ የድሮው ሁሉ በባዶ ተተክቷል። ያ ሁሉ ፍጥነት የሚቀዳ ነገር ስላልነበረ ነው። ኒቆዲሞስ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። ጭብጨባው ትዝ ሲለው ፊቱ እስከ ጆሮው ጋለ፤ ብቻውን ሆኖም እንኳ የሚያየው ሰው ያለ ይመስል አቀረቀረ።

ያኔውኑ እውነቱን ቢናገር ጥሩ ነበር። እሱ ግን ለአብዲራህማን «ትንሽ አስቸግሮኛል፤ እያየሁት ነው» አለው።

«አንተ ካየኸው አለቀ» ብሎ አብዲራህማን ትከሻውን መታ መታ አደረገው። ያቺ እምነቱ ከጥፊ ባሰችበት።

የሰርጉ ዋዜማ ሲደርስ ግን መሸሸጊያ አጣ። እግሩን እየጎተተ ወደ አዴር ዐያንሌ ቤት ሄደ። ግቢው ውስጥ ድንኳን ይተከላል፤ ፋርሂያ እጇን ሂና ተቀብታ እስኪደርቅ ዘርግታ ተቀምጣለች። አዛውንቱ ሲያዩት ፊታቸው በራ፤ ወንበር ሳቡለት። እሱ ግን ቆሞ ቀረ። አንዱንም ሳያስቀር ተናገረ፤ ሳጥኑን፣ ባዶዎቹን ቴፖች፣ መስመሩን አስተካከልኩ ያለውን ውሸት ጭምር።

«ድምፅህ የለም፣ አዴር። እኔ ነኝ ያጠፋሁት» አለ። ድሬ ውስጥ ለአዛውንትም «አንተ» ነው የሚባለው።

ፋርሂያ እጇን ቁልቁል ጣለች፤ ሂናው ቀሚሷን ነካ። የአዛውንቱ ከንፈር መንቀሳቀስ ጀመረ፤ ልጃቸው እያነበበች ተናገረችላቸው።

«እሺ፣ ድምፁስ ይቅር፤ ቃሉ ይበቃኛል ይላል። እኔ በመድኃኒቱ ብዙ ነገር ረስቻለሁ። ዋሪያ፣ አንተ ልጅ፣ ከመስታወቱ ወዲያ ሆነህ በየቀኑ ትሰማኝ ነበር። ምን እል እንደነበር ንገረኝና ነገ ወንድሜ በኔ ቦታ ይበለው ይላል።»

ኒቆዲሞስ አፉን ከፈተ። የድምፁ መለኪያ ከፍ ሲል ዝቅ ያደርግ እንደነበር ያስታውሳል። ፕሮግራሙ ዲስክ ላይ ምን ያህል ቦታ እንደሚይዝ ያውቃል፤ ማይክሮፎኑ የትኛው እንደነበር፣ የትኛው ገመድ ይንጫጫ እንደነበርም ያውቃል። ምርቃቱን ፈለገው። መጀመሪያውን እንኳ ቢያገኝ ብሎ ፈለገው። ከተማው ሥራ አቁሞ የሚሰማውን ነገር እሱ አንድም ቀን አልሰማውም ነበር።

«ጥሩ ድምፅ ነበረህ» አለ በመጨረሻ።

አዴር ዐያንሌ ገና የሚቀጥል መስሏቸው፣ ጆሯቸውን ወደ እሱ እንዳዘነበሉ ጠበቁ።