ኮከብ፣ ዘጠና ዘጠኝ፣ መሰላል

ጠጋኙ ታላቅ እህቱ ቤት የደረሰው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ነው፤ በእጁ የመፍቻ ቦርሳ፣ በሆዱ ደግሞ ሁለት ወር ሙሉ አምጦ ያልወለደው አንድ ነገር ይዞ። አራት ፎቅ በእግሩ ወጥቶ በሩ ጋ ሲደርስ ትንፋሹን ለመሰብሰብ ቆም አለ። እያለከለከ ካገኘችው እንደማትምረው ያውቃል። በሩ ግን ሳያንኳኳ ተከፈተ።

«ገና ሁለተኛው ፎቅ ላይ ሳለህ ነው የሰማሁህ» አለችው። «ለመሆኑ ደረጃ የማይሆነው ለማናችን ነው፣ ማሙሽ?»

ሃምሳ አራት ዓመቱ ነው። ሱቁ ባለበት መንገድ ሰው ሁሉ «ጠጋኙ» እያለ በአክብሮት ይጠራዋል፤ ለተበላሸ ላፕቶፕ ከሱ ወዲያ ላሳር ነው ይባላል። እዚህ በር ላይ ግን ማሙሽ ነው።

የደረጃው ነገር እንዲህ ነበር። እህቱ፣ እሱ «እትዬ» የሚላት፣ አርባ አንድ ዓመት በታይፒስትነት አገልግላ ጡረታ በወጣች በሳምንቱ ከዚሁ ደረጃ ላይ ተንሸራታ እግሯን ወለም አላት። ወንድሟ ይህን ሲሰማ አዘነ ቢባል ግማሽ እውነት ነው፤ ሌላው ግማሽ ሰበብ ያገኘ ሰው ደስታ ነበር። «ከእንግዲህ ብቻሽን አትኖሪም፤ እኔ ጋ ትገቢያለሽ» ብሎ ገገመ። ቤቱ ውስጥ አንዱን ክፍል ባዶ አድርጎ ቀለም ሳይቀር ቀባው። እትዬ ግን ወይ ፍንክች! ጡረታዋ ለቤት ኪራይ እንደማይበቃ ብታውቅም ወንድሟ ጋ ከመግባት ሥራ መፈለግ መረጠች። አገኘችም። የስብሰባ ድምፅ ወደ ጽሑፍ የሚያስገለብጥ አንድ ድርጅት ቤቷ ሆና በኢንተርኔት እንድትሠራለት ሊፈትናት ፈቀደ። ኮምፒውተሩም መስመሩም የራሷ መሆን አለበት። ፈተናው ሐሙስ አምስት ሰዓት ላይ ነው፤ በሰዓቱ ያልተገኘ ሰው ተራው ለሌላ ይሰጣል።

«ሐሙስ አምስት ሰዓት ላይ ከተገናኘሁ እዚሁ እኖራለሁ» አለችው። «ካልተገናኘሁ ዕቃዬን ጠቅልዬ ቤትህ እገባለሁ። ይኸው ማልኩ!»

እትዬ ከማለች ማለች ነው። እነሆ ሐሙስ ደረሰ፤ የሚያገናኛትም ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ያው ክፍሉን የቀባው ሰውዬ።

«እሺ፣ በሽተኛው የታለ?» አለ ጠጋኙ።

በሽተኛው ጠረጴዛው ላይ ተጋድሟል። ሟች ባለቤቷ ለመስክ ሥራ ገዝቶት የነበረ፣ ሌባ ቢመቱበት የሚጥል ወፍራም ጥቁር ላፕቶፕ ነው። ወደ ሕንጻው የሚገባ የኢንተርኔት ገመድ የለም። የእትዬ ስልክ ባለ ቁልፍ ነው፤ ከመደወልና ከመጮህ ሌላ ሙያ የለውም። የጠጋኙ ስልክ መስመር ማጋራት ይችል ነበር፤ ግን ጠጋኙ ወደ ቤቱ ሲመለስ ስልኩም አብሮት ይሄዳል። የቀረችው ተስፋ ላፕቶፑ ሆድ ውስጥ ያለች፣ የክብሪት ቀፎ የማታህል የሞደም ካርድ ነበረች። ሲም ካርድ ከተሰጣት እንደ ስልክ ኔትወርክ ትይዛለች። ባለቤቷ ከሞተ ወዲህ ግን የነካት የለም።

ጠጋኙ ላፕቶፑን ገልብጦ ባትሪውን አወጣ፤ ብሎኖቹን ፈታና ትንሿን ክዳን አነሳ።

«ቀስ በል እንጂ!» አለች እትዬ ከበላዩ ቆማ።

«እትዬ፣ ሃያ ዓመት የሠራሁት ሥራ ነው።»

«ስትፈታማ አውቅሃለሁ። ስትገጥም ነው አይቼህ የማላውቀው። የአባባን ሬድዮ ረሳኸው?»

የአባባ ሬድዮ ከተፈታ አርባ ምናምን ዓመት ሆኖታል፤ ፍርዱ ግን እስካሁን ይግባኝ የለውም።

ካርዷ ቦታዋ ላይ ነበረች። ከሁለቱ የአንቴና ሽቦዎች ጥቁሩ ተነቅሎ ተንጠልጥሏል። ጠጋኙ በአውራ ጣቱ ጥፍር ተጭኖ ቀጭ አደረገው። ሲም ካርዱን ከባትሪው ሥር ባለችው ቀዳዳ ሰካ፤ ባትሪውን መልሶ ማሽኑን አበራ። ካርዷን ከማሽኑ ጋር የሚያግባባውን ፕሮግራም ከፍላሽ ላይ ጫነ። ላፕቶፑ ሲያስብ፣ ሲያቃስት፣ ጠፍቶ ሲበራ አንድ ሰዓት አለፈ። በመጨረሻ ከስክሪኑ ጥግ ኔትወርኩ ሙሉ ሆኖ ብቅ አለ።

«እሰይ! አለቀ?»

«ገና ነው። ይሄ ካርዷ የኔትወርኩን ማማ አየችው ማለት ነው። አሁን ደግሞ የኢንተርኔቱን በር አንኳኩታ መግባት አለባት።» የሚሞላውን ቅጽ ከፍቶ ጣቶቹን ወደ ቁልፎቹ ሲሰድ እጁን ቸብ አደረገችው።

«ተነስ ከዚህ! በሁለት ጣት እንደ ዶሮ ስትለቅም ማየት አልችልም። አንተ ተናገር፣ እኔ ልጻፍ።»

ተነሳላት። ምን ምርጫ አለው?

«መጀመሪያ የሚደወልበት ቁጥር» አለ። «ኮከብ፣ ዘጠና ዘጠኝ፣ መሰላል።»

«ኮከብና መሰላል? ምን ልንሆን ነው፣ ሰማይ ልንወጣ?»

«ኢንተርኔት የሚጠየቅበት ቁጥር ነው እትዬ።»

«አውቄዋለሁ፤ ዝም ብለህ ቀጥል።»

«ቀጥሎ የበሩ ስም። በእንግሊዝኛ ፊደል፣ ትንንሹን። በዚህ ላይ አንድ ነገር ከተሳሳተ አያስገባም።» ስሙን ፊደል በፊደል ነገራት። አፉን ሳይዘጋ እሷ ጨርሳ ቅጹን ዘግታው ነበር።

አልተገናኘም።

ጠጋኙ ያላደረገው የለም። ክዳኑን ዳግመኛ ከፍቶ ሽቦዎቹን ነቅሎ መለሰ። ሲም ካርዱን የራሱ ስልክ ውስጥ ከትቶ ሞከረው፤ እንደ ሰዓት ይሠራል። ፕሮግራሙን አጥፍቶ እንደገና ጫነ። ኔትወርኩ ሙሉ ነው፤ ካርዷ ትደውላለች፤ ወዲያው ደግሞ ትባረራለች። ካርዷንም፣ ሽቦውንም፣ ማማውንም ተራ በተራ ጠረጠረ። አንድ ነገር ብቻ ለመጠርጠር አልደፈረም፤ የእትዬን ጣቶች። አርባ አንድ ዓመት አንድ ፊደል ሳትስት በማገልገሏ የተሰጣት የምስጋና ወረቀት ግድግዳው ላይ ሆኖ ቁልቁል ያፈጥበታል።

ለአምስት ሩብ ጉዳይ ሲሆን እትዬ ብድግ አለች።

«ልብስ ልቀይር።»

«ለምን? ድምፅ ብቻ እኮ ነው፤ አያዩሽም።»

«አንተ ሱሪህን ዘቅዝቀህ ለብሰህ ሥራ ትገባ ይሆናል፤ እኔ አልገባም» ብላ መኝታ ቤቷን ዘጋች።

ጠጋኙ ብቻውን ቀረ። የሚያደርገው ቢጠፋው ቅጹን ራሱ ከፈተው። ቁጥሩን ወደ ስክሪኑ ቀርቦ አየ፤ ከመሰላሉ ኋላ የሆነ ነገር አለ። የበሩን ስም አየ፤ ከእሱም ኋላ እንደዚያው። ሁለት ነጥብና ሁለት ነጥብ፣ ጎን ለጎን። መጀመሪያ አቧራ መስሎት በጣቱ ጠረገው። ከዚያ ገባው። የእንግሊዝኛው ፊደል ላይ አራት ነጥብ ስለሌለ ታይፒስቶች ሁለት ነጥብን ሁለቴ ይመታሉ። እትዬ በዕድሜዋ አራት ነጥብ ያልዘጋው መስመር ጽፋ አታውቅም። የበሩንም ስም፣ ቁጥሩንም፣ አሳምራ በአራት ነጥብ ዘግታቸዋለች።

ሳቁ ጉሮሮው ላይ ደርሶ ተመለሰ። የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው።

«ካርዷ አርጅታለች፣ ነፍስ ይማር» ቢል አለቀ። እትዬ በጽሕፈት እንጂ በካርድ ነገር አትከራከረውም፤ ታምነዋለች። መሐላዋን አክብራ ቅዳሜ ዕቃዋን ታስጭናለች። ሚስቱ ከሞተች ሦስት ዓመቱ ነው፤ ልጁ አግብታ ርቃለች። ማታ ማታ ሲገባ ቴሌቪዥኑን የሚከፍተው ለማየት አይደለም፤ ቤት ውስጥ የሰው ድምፅ እንዲኖር ነው። እትዬ ብትገባ ግን ከጠዋት እስከ ማታ ትነዘንዘዋለች፣ ትሰድበዋለች፣ የአባባን ሬድዮ ታነሳለች። ይህን ሁሉ ሲያስበው እንባው መጣ፤ እንዴት ናፈቀው! ሆድ ይፍጀው ብሎ ዝም ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅበት፤ አራት ነጥቦቹን እንዳሉ ትቶ።

የመኝታ ቤቱ በር ተከፈተ። እትዬ ግራጫ ኮትና ጉርዷን ለብሳ፣ የሸሚዟን ኮሌታ ተኩሳ፣ ተረከዝ ያለው ጫማዋን አድርጋ ወጣች። ያቺ እሱ ልጅ ሳለ ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራ ስትወጣ በመስኮት እየተንጠላጠለ የሚሸኛት ታላቅ እህቱ ናት። የተተኮሰውን ኮሌታ ደጋግማ ታስተካክላለች፤ እንደፈራች ያወቀው ያኔ ነው።

«አልሆነም አይደል?» አለች፤ የማሾፍ ድምፅ አልነበረም። «ንገረኝ፤ ግዴለም።»

«እትዬ፣ ካርዷ...» አለና ስክሪኑን ወደሷ አዞረ። «ካርዷ ደህና ናት። በሩን የዘጋሽው አንቺ ነሽ።»

«እኔ?!»

«ነይ እዪ። እነዚህን አራት ነጥቦች ማን ጻፋቸው?»

ጎንበስ ብላ አየች። «እና? መስመር ሲያልቅ ይዘጋላ! ምን ላርግ፣ እንደ ከብት በረት በር ልተወው?»

«አጥፊያቸው።»

«አላጠፋም! ያለቀ ዓረፍተ ነገር ያለ አራት ነጥብ—»

«ስም ነው እኮ እትዬ!» አለ ጠጋኙ። «የበር ስም ነው። ለመሆኑ ስም ብቻውን ዓረፍተ ነገር ይሆናል?»

እትዬ ወንበሩን ስባ ተቀመጠች። በሰዋስው ተረትታ የማታውቅ ሴት ናት፤ ያውም በማሙሽ! ለአምስት አራት ደቂቃ ጉዳይ ላይ፣ ፊቷን አጨፍግጋ፣ ከቁጥሩም ከስሙም ኋላ ያሉትን ነጥቦች አንድ በአንድ አጠፋች። ካርዷ ደወለች። ትንሿ መብራት ቢጫ ሆነች፣ ከዚያ አረንጓዴ። መስመሩ ተከፈተ።

«ለማንም እንዳትናገር» አለችና የጆሮ ማዳመጫውን ደፋች። «ሂድ ጥግ ያዝ። ትንፋሽህ ይሰማል።»

ጥግ ያዘ። ከወዲያ የሚናገረው ሰው ድምፅ ለሱ አይሰማም፤ የሚሰማው የእትዬ ጣቶች ብቻ ነው። ጣሪያ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ ሳያቋርጡ ሩብ ሰዓት ወረዱ። ካርዷ አንዴም አልተቋረጠችም። ጠጋኙ ቀና ብላ ተቀምጣ ያያታል፤ ይኮራል፣ ያዝናልም። ቅዳሜ የሚጫን ዕቃ የለም።

«ሰኞ?» አለች እትዬ ወደ ማዳመጫው። «እሺ። ሰኞ እጀምራለሁ። አመሰግናለሁ።»

ማዳመጫውን አውልቃ ወደሱ ዞረች። ፊቷ በርቷል።

«እንኳን ደስ ያለሽ» አለ። መፍቻዎቹን ወደ ቦርሳው መክተት ጀመረ፤ አንዱን ብሎን መፍቻ ሦስቴ አስገብቶ ሦስቴ አወጣው።

እትዬ መፍቻውን ተቀብላ ቦርሳው ውስጥ ከተተችው።

«ነጥቦቹን ያየሃቸው እኔ መኝታ ቤት ሳለሁ ነው አይደል?»

«አዎ።»

«ካርዷ ሞታለች ብትለኝ አምንህ ነበር እኮ።»

«አውቃለሁ።»

«ልትል ነበር?»

ጠጋኙ ቦርሳውን ዘጋ። ለሷ ይህ በቂ ነበር።

«አንተ ልጅ» አለች፤ ድምፅዋ ዝግ ብሏል። «ሁለት ወር ሙሉ ደረጃው አይሆንሽም፣ ብቻሽን ነሽ፣ ብትወድቂስ፣ ብትታመሚስ አልከኝ። እኔ ደግሞ ሸክም ሆንኩበት፣ አዘነልኝ ብዬ ነው እንዲያ የገገምኩት። ለመሆኑ ከኛ መሃል ብቻውን የሚኖረው ማን ነው? እኔ ከታች እስከ ላይ ፎቁን ሙሉ ጎረቤት አለኝ።»

ጠጋኙ ቦርሳውን አንስቶ ያዘ።

«‹እትዬ፣ ብቻዬን ነኝ› ለማለት ስንት ቃል ይፈጃል? እኔ ታይፒስት ነኝ፣ ልቁጠርልህ። ሦስት። ለሦስት ቃል ክፍል ይቀባል?»

«እትዬ» አለ ጠጋኙ። «ብቻዬን ነኝ።»

አልቀለደችበትም። ቦርሳውን ከእጁ ወስዳ ወንበር ላይ አስቀመጠችና ከበሩ ኋላ ከተሰቀሉት የቤቷ ቁልፎች አንዱን አውርዳ መዳፉ ላይ አኖረችው።

«ከሰኞ ጀምሮ ከሥራ የምወጣው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው» አለችው። «ከዚያ በፊት ብትመጣ ሥራ ላይ ነኝ፤ አላነጋግርህም። ከዚያ በኋላ ግን ብትቀር ወዮልህ።»