አሁን የተከፈተው ዘፈን

ኒር ለራሱ ድረ ገጽ ሠርቶ ነበር። ገጹ ላይ ብዙ ነገር የለም፤ ስሙ፣ ፎቶው፣ ከሥሩ «አሁን የተከፈተው ዘፈን» የሚል መስመር። ትንሽ ስክሪፕት ጽፎ፣ ኮምፒውተሩ ላይ የሚጫወተው ዘፈን ርዕስ ወዲያው እዚያ እንዲወጣ አድርጓል። ዘፈን ከሌለ «ጸጥታ» ይላል፤ ግን ብሎ አያውቅም። ኒር ሲተኛም ከቤት ሲወጣም ዘፈን አይዘጋም።

አባቱ ቃኘው የአውቶቡስ ሾፌር ነው። ገጹን ሲያሳየው «የምትሰማውን ማን ጠየቀህ?» ብሎት ወደሚበላው ሰላጣ ተመለሰ። ኒርን ቅር አለው፤ ግን አባቱ አልተሳሳተም። የጎብኚ መቁጠሪያው በቀን አንድ ሰው ብቻ ነው የሚያሳየው። ኒር እሱንም ሮቦት ነው ብሎ ደመደመ።

አንድ ጠዋት ከጎንደር ተደወለ። ቃኘውን እንደ እናት ሆና ያሳደገችው ታላቅ እህቱ ይርገዱ፣ ወደ እስራኤል የምትመጣበትን ተራ ስትጠብቅ አርፋለች። ቃኘው ሥራ ላይ ነበር። መርዶ ደግሞ ወግ አለው፤ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ባለበት፣ በማለዳ ይነገራል እንጂ መሪ ለጨበጠ ሰው በስልክ አይለቀቅም።

«እስከ ነገ ጠዋት አፋችሁን ያዙ» አለች የኒር እናት ሙሉመቤት። «መንገድ ላይ ከሰማ ሰው እንደጫነ ይገለበጣል። ኒር፣ የኢንተርኔቱን ነገር ላንተ ሰጥቻለሁ።»

«በሴዴር፣ እማ» አለ ኒር፤ እሺ ማለቱ ነው።

አደራውንም ተወጣ። የአክስቱ ልጆች የለጠፉትን የሐዘን ፎቶ እየደወለ አስነሳ፤ የአማርኛውን ሬዲዮ ለምኖ ማስታወቂያውን ለነገ አስተላለፈ። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ በዚያ ቤት ጠላ የቀመሰም አልነበረም። ሁሉን ዘጋግቶ ሲጨርስ የራሱ ዘፈን ጆሮው ገባ። በሐዘን ቤት ዘፈን ነውር ነው። ዘጋው።

ቃኘው ገና በቀን መጣ። አውቶቡሱን ማዕከላዊ ጣቢያ ለሌላ ሾፌር አስረክቧል። ዩኒፎርሙን እንደለበሰ በሩ ላይ ቆመ።

«ማን ነው የሞተው?»

ሙሉመቤት ወደ ኒር ዞረች። «ምን ነገርኸው?»

«ምንም አልነገርኩትም!»

«አልነገረኝም» አለ ቃኘው። ስልኩን አውጥቶ አሳያቸው፤ «ጸጥታ» ይላል። «ሥራ ላይ እረፍት ሳገኝ ሁልጊዜ አየዋለሁ። ይህ ልጅ ትኩሳት ይዞት እንኳ ዘፈን አልዘጋም። በኛ ቤት ዘፈን የሚዘጋው ለለቅሶ ነው።»

ኒር ሮቦቱን ትክ ብሎ አየው።

«ይርገዱ ናት?» አለ ቃኘው ቀስ ብሎ።

ከሁሉም ቀድሞ ያለቀሰው ኒር ነው። ይርገዱን በአካል አይቷት አያውቅም። ለቅሶ የደረሱት ጎረቤቶች ግን «አክስቱን እንዴት ይወዳት ኖሯል!» አሉ።